መድረክ ላይ የሰከሩት ሰው

ሐኪሙ የሞት ማስረጃው ላይ አልፈርምም አለ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ደጋግሞ እየደወለ ለመነው፤ ቤተሰቡ ሬሳውን ለመውሰድ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅም ነገረው። እሱ ግን እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ፖሊስ አስጠራ።

የመጣችው መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «እመት እንዴት» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት ሴት ናት። ሌሎች መርማሪዎች «ማን ገደለው?» ብለው ሲጀምሩ እሷ «እንዴት ሞተ?» ብላ ትጀምራለች፤ መልሱን እስክታገኝ ድረስም እንደ ሕፃን ልጅ እየደጋገመች ሰው ታሰለቻለች። በዚህ ስም የሚጠሯት ከጀርባዋ ነው። እሷም ታውቃለች፤ አልከፋትም።

ነጭ አንሶላ የለበሱት ሟች አገሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ ተዋናይ ነበሩ። ቅዳሜ ማታ የሰካራም ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ አመሹ። ያን ቀን እንደተጫወቱት ሆነው ተጫውተው አያውቁም ይላሉ ያዩአቸው ሁሉ። ምላሳቸው ተሳሰረ፣ እግራቸው ተወላከፈ፣ በመጨረሻም ብርጭቆ በእጃቸው እንደያዙ ምንጣፉ ላይ ተዘረሩ። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። መጋረጃው ሲዘጋ ግን ጋሼ አልተነሡም። ሰኞ ጠዋት አረፉ።

«ጠጥተው ነው ተብሎ ነው የመጡት» አለ ሐኪሙ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«የሰከረ ሰው ሲነጋ ይሻለዋል። እሳቸው ግን እየባሰባቸው ሄደ። መጀመሪያ መንገዳገድና ማስመለስ ነበር። ቀጥሎ ሩጫ የጨረሰ ሰው ይመስል ትንፋሻቸው ፈጠነ፤ ይህ ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ነው። በመጨረሻ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። ቅዳሜ ማታ ሲገቡ የተቀዳ ደማቸውን መረመርን፣ የአልኮል ጠብታ የለበትም።»

«ምን አለበት ታዲያ?»

«የተገኘችውን ጥቂት ሽንት ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኋት። እንደ ተፈጨ መስታወት የሚያብለጨልጭ ክሪስታል ሞልቷታል። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይህን ሁሉ ምልክት አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ነገር ብዙ አይደለም። የጠረጠርኩት አንቲፍሪዝ ነው።»

«መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው?»

«እሱው። ጣፋጭ ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። የደም ናሙናውን ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ልኬዋለሁ። እኔ መጠርጠር እንጂ እርግጡን መናገር አልችልም፤ መርዙን ነጥሎ ስሙን የሚነግረን የእነሱ መሣሪያ ነው።»

«በጊዜ ቢታወቅ ይድኑ ነበር?»

ሐኪሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ አንሶላው አየ። «ይድኑ ነበር። መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ ቢጠፋ እንኳ በሐኪም እጅ የሚሰጥ አልኮል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጉበት በአልኮሉ ሲጠመድ አንቲፍሪዙን ወደ አሲድ መቀየሩን ይተወዋል፣ መርዙም ሳይጎዳ በሽንት ይወጣል። እኔ ተረኛ ሆኜ የገባሁት እሑድ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ የተቀበሏቸው ጀማሪ ሐኪሞች ኮታቸው ኮኛክ ኮኛክ ሲሸታቸው ጊዜ፣ ይተኙ ይበርድላቸዋል ብለው አስተኟቸው።»

«ኮቱ ይሸታል፤ ደማቸው ውስጥ ግን የለም።»

«ነርሷም ያስገረማት ይኸው ነበር። አፋቸው አይሸትም፣ ኮቱ ግን ቢጨመቅ ይንጠባጠባል አለችኝ።»

መርማሪዋ ኮቱን በፕላስቲክ ከረጢት አሳሽጋ ወጣች። መጠጥ የሚወድ ሰው ኮኛክ ልብሱ ላይ ጠብ ሲያደርግ ታውቃለች፤ ሲያፈስ ግን አላየችም።

*

ቲያትር ቤቱ በቀን ብርሃን ሲያዩት ያሳዝናል። ቀይ የነበረው የወንበር ልብስ ገርጥቷል፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ኮሪደር የፓውደርና የእርጥብ እንጨት ሽታ ይሸታል። አዘጋጁ በሩ ላይ ተቀበላት። በጎልማሳነት ዕድሜ ያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው።

«ጋሼ ለእኔ አባት ነበሩ» አላት። «እዚህ መድረክ ላይ እጄን ይዘው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት መናገር የማልፈልገው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ምን ይደበቃል። ባለፉት ወራት ተደብቀው መጠጣት ጀምረው ነበር።»

«እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«አብሯቸው የሚውል ሰው ያውቃል። ለባለቤታቸው ለእትዬ እንዳልነግርባቸው ለምነውኛል።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና የእቃ ክፍል ኃላፊውን ፍለጋ ሄደች። ዕድሜያቸውን በሙሉ መጋረጃ ሲከፍቱና ሲዘጉ ስለኖሩ «አባ መጋረጃ» ይባላሉ። የሰካራሙን ጠርሙስ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው።

«ምን ይሞሉበታል?»

«ሻይ ነው የኔ ልጅ። ከሩቅ ሲታይ ኮኛክ ይመስላል።»

«ስኳር አለው?»

«ኧረ የለውም። ጋሼ እኮ ስኳር በሽተኛ ናቸው። ትርዒቱ ሳይጀመር ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንግዲህ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚያው ያልፋል።»

«ጠርሙሱን ላየው እችላለሁ?»

«ታጥቧል። እሑድ ጠዋት ስመጣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘሁት። በዚህ ቤት ከእኔ በቀር እቃ የሚያጥብ ሰው መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። «ሲወድቁ ማን አነሣቸው?»

«እኔና ወጣቱ ልጅ፣ ቀብራራው የምንለው። በረዶ ሆነው ነበር፤ ኮታቸውን ከመልበሻ ክፍል አምጥቼ አለበስኳቸውና ወደ ቲያትር ቤቱ ሚኒባስ ወሰድናቸው።»

«ኮቱ ምን ይሸት ነበር?»

«ናፍታሊን። ሁልጊዜም ናፍታሊን ነው የሚሸተው።»

«መጠጥ አይሸትም?»

«መጠጥ ሲሸተኝ ያስነጥሰኛል፤ ከልጅነቴ ነው። ቀብራራው በኮሪደሩ ሲያልፍ ሳላየው አውቀዋለሁ። ልጁ የሚኒባሷን በር ሊከፍት ሲሄድ ብቻዬን ጋሼን ሳለብስ ግን አላስነጠሰኝም።»

«ሚኒባሷ ላይ አንቲፍሪዝ ትጨምራላችሁ?»

ሽማግሌው ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። «ድሮ ውሃ ነበር። ራዲያተሯ ከተቀየረ ወዲህ ነው መካኒኩ ያስገዛን። ጀሪካኑ እዚያ ጥግ ነው፣ ቆልፌበት አላውቅም።»

«ራዲያተሯ ምን ሆና ተቀየረች?»

«ከሌላ ከተማ ትርዒት ሲመለሱ ግንብ ገጩ። ጋሼና አዘጋጁ እቃውን ይዘው ጎህ ሲቀድ ቀድመውን ነበር የመጡት።»

መርማሪዋ መድረኩ ላይ ወጥታ ጋሼ የወደቁበትን ምንጣፍ አየች። ጥቁር ቀይ ስለሆነ የፈሰሰ ነገር ቢኖርም አይለይም። ቀና ስትል ከጣሪያው ላይ ለመናፍስት ትዕይንት የሚበራውን ሐምራዊ መብራት አየች፤ ነጭ ልብስ በጨለማ የሚያበራው ዓይነት። አንዳንድ አንቲፍሪዝ ውስጥ የሚጨመር ቀለም በእንዲህ ያለ መብራት እንደሚያበራ ከሐኪሙ ሰምታለች።

«አባ፣ ሌላውን ያጥፉና እሱን ያብሩልኝ።»

ጨለማው ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የተደፋ ብርጭቆ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ቀስ ብሎ አበራ። አባ መጋረጃ አማተቡ።

«ገና አይደለም» አለች መርማሪዋ፣ ለራሷም ጭምር። «የልብስ ሳሙናም እንዲህ ያበራል።» ከዚያ ላይ ቁራጭ ቆርጣ ለላቦራቶሪ ላከች።

*

ቀብራራውን ያገኘችው መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጎኑን በእጁ ደግፎ ተቀምጦ ነው። የጋሼ ተለዋጭ እሱ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ ሚናው የእሱ ይሆናል። የሚጠጣውም ኮኛክ ነው።

«አውቃለሁ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። ሰው ገድዬ ሚና ከምወስድ እድሜ ልኬን በረኛ ሆኜ ብጫወት ይሻለኛል።»

«ጎንህን ምን ሆነህ ነው?»

«ሐዘን ነዋ። ከቅዳሜ ጀምሮ ስጠጣ ነው የሰነበትኩት።»

«መድረክ ላይ አብረሃቸው ነበርክ። ያልተለመደ ነገር አላደረጉም?»

ልጁ መነጽሩን አወለቀ። «አንድ ነገር አሉ፣ ከድርሰቱ ውጪ። ከጠርሙሱ ቀድተው ጠጡና ወደ እኔ ዞረው ‹ዛሬስ ስኳር አብዝተውበታል› አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን የሳቸውን ሻይ ስለማውቀው ገርሞኝ፣ ብርጭቆዬ ላይ ቀድቼ ፉት አልኩት። እውነትም ወለላ ነው።»

«ጠጣኸው?»

«አንድ ሁለቴ ጎንጨት አልኩ። በድርሰቱ ላይ ግን እኔ ባዶ ብርጭቆ ነው የማነሣው።»

«ከዚያ በፊት የራስህን ጠጥተህ ነበር?»

ልጁ አቀረቀረ። «ትንሽ። የደረት ኪስ ጠርሙስ ነበረችኝ። ለነገሩ ቅዳሜ ማታ ጠፍታብኛለች፤ ማን እንደወሰዳት እንጃ።»

መርማሪዋ ክንዱን ይዛ አስነሣችው። «ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ሐኪሙ ደሙንና ሽንቱን ወስዶ ብዙ አላስጠበቃቸውም። ማይክሮስኮፑ ሥር እነዚያው የሚያብለጨልጩ ስባሪዎች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ግን አነስተኛ ነው። ወዲያው አልጋ አስይዞ መድኃኒቱን አስጀመረው።

«በሕይወት ያለኸው ቀድመህ ስለጠጣህና ሳታቋርጥ ስለሰነበትክ ነው» አለው። «እድል ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ማንም እንዲህ አይሞክረው።»

«እናቴ ይህ መጠጥ ይገድልሃል እያለች ነው ያሳደገችኝ» አለ ልጁ ትራሱ ላይ እንደተንጋለለ። «አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

*

የጋሼ ባለቤት ቤታቸው ውስጥ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ከሰው ለይተው መርማሪዋን ጓዳ አስገቧት። እንባ አልነበራቸውም።

«ባለቤትዎ ይጠጡ ነበር ብለው ያምናሉ እትዬ?»

«ከተወው ስንት ዘመኑ ነው። ሆስፒታል ለሐኪሞቹ ልናገር አፌን ስከፍት አዘጋጁ ክንዴን ያዘኝ። ‹እትዬ፣ ደብቀውዎት ነው፣ ሰው ፊት አያዋርዷቸው› አለኝ። ዝም አልኩ።»

«ለምን አመኑት?»

«መደበቁን አውቅ ነበራ። የሚደብቀው ሌላ ነው እንጂ። እሑድ እሑድ ከቤት ይወጣል፣ የት እንደሚሄድ አይናገርም። አንድ ቀን ተከተልኩት። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አንዲት ቤት አንኳኳ፣ የሴት እጅ በር ከፈተለት። እኔም አላየሁም ብዬ ተመለስኩ። በዚህ እድሜዬ ምን ልበለው? አንቺ ልትይው የፈለግሽው ገብቶኛል ልጄ። የምጠላበት ምክንያት ነበረኝ። አልገደልኩትም።»

መርማሪዋ እትዬ በነገሯት ምልክት በዚያው ቀን ከሐዲዱ ማዶ ሄደች። በሩን የከፈቱላት አሮጊት ናቸው። ግድግዳው ላይ የመንገድ ጽዳት ሰደርያ የለበሰች ወጣት ሴት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ልጄ ናት» አሉ አሮጊቷ። «ጎህ ሲቀድ መንገድ ስትጠርግ መኪና ገጭቷት አመለጠ። ያ ደግ ሽማግሌ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር፣ አለቃዋ ነበርኩ እያለ። ባለፈው ሲመጣ ‹ከዚህ ትርዒት በኋላ የምነግርዎት ነገር አለ› ብሎኝ ሄደ። አልተመለሰም።»

መርማሪዋ ከዚያ ወጥታ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄደች፤ ከትራፊክ ፖሊስ ደግሞ መካኒኩ ዘንድ።

*

የላቦራቶሪው ውጤት እንደደረሰ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። እትዬ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀብራራው ከሆስፒታል ተፈቅዶለት መጥቶ አባ መጋረጃ ትከሻ ላይ ተደግፏል። ሐኪሙም ነበር። አዘጋጁ ቆሞ ነው፤ በር ላይ ሁለት ፖሊሶች መኖራቸውን አይቷል።

«ጋሼ እንዴት ሞቱ ከሚለው እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «በደማቸው ውስጥ አንቲፍሪዝ ተገኝቷል። ምንጣፉ ላይ በፈሰሰው ሻይ ውስጥም ያው ነው። መብራቱ አበራልን፣ ላቦራቶሪው አረጋገጠልን። ስለዚህ መርዙ ጠርሙሱ ውስጥ ነበር። ጋሼ ራሳቸው ስኳር በዛ ብለው ነግረውናል፤ ሆስፒታል የደም ስኳራቸው ሲለካ ግን አልጨመረም። የጣፈጣቸው ስኳር አልነበረም።»

«ጠርሙሱ አጠገብ ሁላችንም ነበርን» አለ አዘጋጁ።

«ልክ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንቀንስ። ይህ ወጣት ሚናውን ይፈልጋል ብላችሁ ጠርጥራችኋል። እሱ ግን ከዚያው ጠርሙስ ጠጥቷል፣ ደሙ ውስጥ ያው መርዝ ተገኝቷል። መርዙን ያስገባ ሰው እያወቀ አይጎነጨውም። ቀጥሎ እትዬ። እሳቸው ያን ቀን ቲያትር ቤት አልመጡም፤ የደረሱት ሆስፒታል ነው።»

አባ መጋረጃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ቀረሁ ማለት ነው።»

«እርስዎና አዘጋጁ። እዚህ ላይ ነው ኮቱ የሚናገረው። ጋሼ ኮኛክ አልጠጡም፤ ኮታቸው ግን ጠጥቷል። ይህን ያደረገ ሰው ሐኪሞቹ ስካር ነው ብለው እንዲተዋቸው ፈልጓል። ስለዚህ ገዳዩን የሚያሳየን ኮቱ ላይ መጠጥ ያፈሰሰው ሰው ነው። አባ፣ ኮቱን ሲያለብሷቸው ምን ይሸት ነበር?»

«ናፍታሊን።»

«አንተስ ተሸክመሃቸው ነበር?»

«እኔ ራሴ እሸት ስለነበር ምስክርነቴ አያስኬድም» አለ ቀብራራው። «ኮቱ ግን ደረቅ ነበር። ፊቴን አስደግፌበት አልቅሻለሁ።»

«ሆስፒታል ሲደርስ ግን ይንጠባጠብ ነበር። መካከሉ ላይ ያለችው ሚኒባሷ ብቻ ናት። ከጋሼ ጋር ማን ነበር?»

«አዘጋጁ ብቻውን» አሉ አባ መጋረጃ ቀስ ብለው። «እኔም ልሂድ ስለው እርስዎ ቲያትር ቤቱን ይዝጉ አለኝ። ልጁንም ሰክረሃል፣ አታዋርደን ብሎ መለሰው።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ውስጥ በከረጢት የታሸገች ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ቀብራራው የጠፋችበት ናት። «ከሾፌሩ ወንበር ሥር አገኘናት። የጣት አሻራዎም አለባት።»

አዘጋጁ ጠርሙሷን አየ እንጂ አልነካትም። «ለምን ብዬ? አባቴ ናቸው እያልኩሽ።»

«እሱን የነገረችኝ ራዲያተሯ ናት። ግንብ ገጨን ብላችሁ ነበር። መካኒኩ ግን ከፊት መብራቱ ሥር ያወጣው የግንብ አቧራ ሳይሆን የብርቱካንማ ሰደርያ ቁራጭ ነው። አስታውሶ ነገረኝ፤ ያኔ ነገሬ አላለውም ነበር። በዚያው ንጋት፣ በዚያው መንገድ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተገጭታ ሞታለች። ጋሼ መኪና መንዳት አይችሉም። የነዱት እርስዎ ነዎት። ጋሼም ሊናገሩ ቀን ቆርጠው ነበር።»

አዘጋጁ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አብረውኝ ነበሩ» አለ በመጨረሻ። «‹ሂድ፣ አትቁም› ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ደንግጠው ነው፤ ግን ብለዋል። ከዚያ እንቅልፍ አጡ፣ እሑድ እሑድ መሄድ ጀመሩ። እኔን ሳይጠይቁ ሁለታችንንም ሊያሳስሩን ወሰኑ። እባክዎ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ።»

«ልብሱ ላይ ያፈሰስከውን አፉ ውስጥ ብታፈስለት፣ ሐኪሞቹ እስኪደርሱለት ጊዜ ይሰጠው ነበር አሉኝ» አሉ እትዬ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «በእጅህ ይዘኸው ነበር።»

ሰውዬው ይህን አያውቅም ነበር። ወደ ሐኪሙ ዞሮ ተመለከተ፤ ሐኪሙ ዓይኑን አልሰበረለትም። ፖሊሶቹ መጥተው ሲያነሡት እጆቹን ራሱ አስቀድሞ ዘረጋ።

*

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ከሐዲዱ ማዶ ሄዱ። መርማሪዋ ልሸኝዎት ብትላቸው፣ ከበሩ ውጭ ጠብቂኝ አሏት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ንግግራቸው ይሰማታል።

እትዬ ሳይቀመጡ ተናገሩ። ባላቸው አለቃ እንዳልነበረ፣ መኪናዋ ውስጥ እንደነበረ፣ አትቁም ያለውም እሱ እንደሆነ፣ ሊናገር ሲል እንደተገደለ፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። የሚመጣባቸውን ሁሉ ለመቀበል የመጡ ይመስሉ ነበር።

«አለቃዋ ሴት ነበረች» አሉ አሮጊቷ። «ቀብሯ ላይ አጠገቤ ቆማ ነበር። ባልሽ ገና መጀመሪያ ቀን በሬን ሲያንኳኳ ውሸቱን እንደሆነ አውቄያለሁ። እስኪናገር እየጠበቅሁት ነበር።»

«ለምን አላባረርሽውም?»

«ካባረርኩት ማን ይነግረኛል?»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። መርማሪዋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችላቸውና በሐዲዱ ዳር ብቻዋን ወደ ከተማው ተመለሰች።